ሁለት ቀን በአራዳ፤ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚነሣ የቤተሰብ ጉብኝት

ቅዳሜና እሑድ የዕረፍት ቀናት ናቸው ይባላል። ይሁን እንጂ ለሠራተኛዋ እናት ዕረፍቱ ከመሥሪያ ቤቷ እንጂ ከሥራ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ የተጠራቀመው ልብስ የሚታጠበው፣ ሽንኩርቱ የሚላጠው፣ ሊጡ የሚቦካው፣ ለቅሶ የሚደረሰው፣ ዕቁቡና ዕድሩ የሚከፈለው በእነዚሁ ሁለት ቀናት ነው። ልጆች እናታቸው እቤት በመዋሏ ደስ ቢላቸውም እሷ ከጓዳ ብቅ ሳትል ይመሻል። በመሆኑም «ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወጣ በሉ» የሚለው ምክር ለብዙዎቻችን የባለመኪና ጨዋታ መስሎ ይታየናል። መውጣት ማለት ሶደሬ ወይም ላንጋኖ፣ ሆቴልና መዋኛ ማለት ነው ብለን ስለለመድን፣ ገንዘቡ ሲታሰብ ሐሳቡም አብሮ ይቀራል።

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው መኪናም ሆነ ሆቴል የማይጠይቀውን ጉብኝት ነው። ይኸውም የገዛ ከተማችንን እምብርት፣ አራዳን፣ በሁለት ግማሽ ቀናት በእግር ማየት ነው።

ሐሳቡን ያመጣነው ግን ከሩቅ ነው። በአውሮፓ የሚኖሩ ሠራተኞች ዓርብ ማታ ተነሥተው እሑድ ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት አጭር ጉብኝት የተለመደ ነገር ሆኗል። ለዚህ የሚመርጡት ለንደንን ወይም ፓሪስን ብቻ አይደለም፤ ትንንሾቹንም ዋና ከተሞች ነው። ከእነዚህ አንዷ የስሎቬኒያ ዋና ከተማ ሉብሊያና ናት። የሕዝቧ ብዛት 300 ሺህ ቢጠጋ ነው። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ለማየት ሳይሆን፣ በመካከሏ የሚያልፈውን ወንዝ ተከትሎ ድልድዮቿን ለማየት ነው። አንደኛው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 የተሠራ ሲሆን በአራቱም ማዕዘን የዘንዶ ምስል ቆሞበታል። ሌላው ሦስት ሆኖ ጎን ለጎን የተዘረጋ ነው። ዮዤ ፕሌችኒክ የተባለው የሕንጻ ንድፍ ባለሙያ በ1842 የተሠራውን አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ሳያፈርስ በግራና በቀኙ የእግረኛ ድልድይ ጨመረለት፤ ሥራውም በ1932 ተፈጸመ። የከተማይቱ እምብርት ከ2007 ወዲህ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ተለቅቋል፤ የፕሌችኒክም ሥራዎች በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል።

እኛ ከዚህ የምንወስደው የአውሮፕላኑን ትኬት ሳይሆን ዘዴውን ነው። እነዚህ ጎብኚዎች ሲነሡ በእግር የሚዳረስ ትንሽ ቦታ ይመርጣሉ፤ አንድ መነሻ ይይዛሉ፤ ለአንድ ቀን ከሁለትና ከሦስት ነገር በላይ አይመድቡም፤ የሚከፈትና የሚዘጋበትን ሰዓት አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ ተቀምጠው ቡና የሚጠጡበትንም ጊዜ እንደ ቁም ነገር ቆጥረው በዕቅዳቸው ውስጥ ያስገባሉ። አዲስ አበባ በእርግጥ ትንሽ ከተማ አይደለችም። አሮጌው አራዳ ግን በትልቋ ከተማ ውስጥ ያለ ትንሽ ከተማ ነው ለማለት ይቻላል። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተነሥቶ በአትክልት ተራ በኩል ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልና ወደ ምኒልክ አደባባይ፣ ከዚያም ወደ ጣይቱ ሆቴል የሚያደርሰው መንገድ በልጅ እርምጃ እንኳ፣ መቆሚያውን ሳይጨምር፣ ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ አይደለም።

መነሻው ለምን ድልድዩ ሆነ?

ብዙ ሰው ፒያሳን ማየት የሚጀምረው ከላይ፣ ከአደባባዩ ነው። እኛ ከታች እንዲጀመር የምንመክረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የእግር ጉዳይ ነው፤ ልጆች ጉልበት ባላቸው ሰዓት ዳገቱን ወጥተው ሲደክማቸው ሜዳውን ያገኛሉ። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጣል። የአራዳና የመርካቶ ታሪክ የሚገናኘው በዚህ ድልድይ ላይ ነው።

ድልድዩ የሚጠራው በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ነው። እኚህ ሰው በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የገቡና በብልሃታቸው ከፍ እያሉ የሄዱ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. እስኪሞቱም ድረስ በአገሪቱ ጉዳይ ያለ እርሳቸው ምክር የሚፈጸም ነገር አልነበረም ማለት ይቀላል። የፈረስ ስማቸው አባ መላ ነው፤ በፍርድ አዋቂነታቸው የሚነገረው ጨዋታ ደግሞ ተቆጥሮ አያልቅም። አያት ያለው ልጅ ቢያንስ አንዱን ሳይሰማ አያድግም፤ ያልሰማ ካለ ድልድዩ ላይ ቆሞ መስማት ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። ከጣልያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ መርካቶ አልነበረም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚቆመው የአራዳ ገበያ ነበር እንጂ። እህሉ፣ ጨው አሞሌው፣ ቅቤው፣ በርበሬው፣ ከብቱም ጭምር የሚሸጠው እዚያ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያኖች በቆዩበት ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ አዲሱም ስፍራ መርካቶ ተባለ። የአሮጌው ስፍራ ግን ዳር ዳሩን በአውሮፓውያን ሱቅና ቡና ቤት ተከብቦ ፒያሳ የሚለውን ስም ያዘ። ፒያሳ በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። እንግዲህ ገበያው ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ሲሻገር፣ ሻጭዋም ገዢዋም ተከትላ ተሻገረች። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ የቆመ ሰው በስተ ምሥራቅ የቀድሞውን ገበያ፣ በስተ ምዕራብ የኋለኛውን ያያል።

በዚሁ ድልድይ አካባቢ የነበረውን አትክልት ተራን ያላወቀች የአዲስ አበባ እናት የለችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለዓመታት የብዙዎቻችን ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመንና ድንች የመጣው ከዚያ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሲገባ ገበያው ለጊዜው ወደ ጃንሜዳ፣ በዓመቱም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ። ስሙ ግን እዚያው ቀርቷል፤ የቀላል ባቡሩም አንዱ ፌርማታ አትክልት ተራ ይባላል። ልጆች «አትክልቱ የታለ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄውን ቸል ማለት አይገባም። የጉብኝቱ ዋና ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የቀረውንና የሌለውን ማየት

ወደ አራዳ ልጆቹን ይዛ የምትሄድ እናት አስቀድማ ማወቅ ያለባት አንድ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን በመሳሰሉ አሮጌ ሠፈሮች የነበሩ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹም በከተማው ዳር ወዳሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ተዛውረዋል። በምትኩ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና አትክልት ተተክሏል። ልጅ ያዘለች ወይም የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት ከመኪና ጋር ሳትጋፋ መሄድ መቻሏ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀድሞ በዚያ መንገድ በጭቃና በጭነት መኪና መካከል የተመላለስን እናውቀዋለን። ይሁንና መንገዱ የማንን ደጃፍ ይዞ እንዳለፈ መንገዱ ራሱ አይናገርም። ይህን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ የእኛ ቤተሰብ ጉብኝቱን ሲያቅድ ከሁሉ አስቀድሞ የተጨነቅነው የሚመራንን ሰው ለማግኘት ነበር፤ ሰውየዋም ከቤታችን አልራቁም። የባለቤቴ እናት በዶሮ ማነቂያ ከ40 ዓመት በላይ ኖረው ሰባት ልጅ ያሳደጉ ናቸው። ሠፈሩ ሲነሣ ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ውሃው ከጓዳ ነው፤ መጸዳጃውም የግል ነው፤ ይህንን ራሳቸውም ይመሰክራሉ። ነገር ግን ከተዛወሩ ወዲህ ወደ አራዳ አልተመለሱም ነበር። ሁለት አውቶቡስ መቀያየሩ ለጉልበታቸው ይከብዳቸዋል፤ የቀረውን ምክንያት ግን እኛም አልጠየቅናቸው፤ እሳቸውም አልነገሩንም። ልጆቼን አራዳን አሳዩልኝ ብዬ ስለምናቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው፣

«እኔ ምኑን አሳያቸዋለሁ? የለም እኮ፤» አሉኝ።

«እማማ፣ እርስዎ እኮ አሉ፤» አልኳቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በእጃቸው አንድ የታጠፈ ዘንቢል ይዘው መጡ። ዘንቢሉ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ወደ ድልድዩ ባዶ እጁን የሚወርድ ሰው አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

እንዲህ ያለ መሪ ያለው ቤተሰብ መጽሐፍ አያስፈልገውም። አማቴ ድልድዩ ላይ እንደደረስን የሽንኩርቱ መኪና ሌሊት የሚራገፍበትን፣ ሴቶቹ ገና ሳይነጋ በኩራዝ ብርሃን ቲማቲሙን ከበሰበሰው የሚለዩበትን፣ ለጎረቤት ሰርግ ሁለት ኩንታል ሽንኩርት በሸክም ያወጡበትን ዳገት አሳዩን። ታናሽዋ ልጄ «እማማ፣ ቤትሽ የት ነበር?» ብላ ስትጠይቃቸው በጣታቸው አልጠቆሙም። ወደ ላይ ወጥተን ካቴድራሉ ሲታየን ቆም አሉና፣ ሌሊት ደወሉ ሲደወል በየትኛው ጆሮዋቸው በኩል ይሰሙት እንደነበረ አስበው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ ጥቂት እርምጃ ሄደው ቆሙ። «ወደዚህ ነው፤» አሉ። ከፊታቸው የነበረው ሣርና የመብራት ምሰሶ ነው። ልጄም ሣሩን ረግጣ እንዳታበላሽ ተጠንቅቃ አጠገባቸው ቆመች።

እንዲህ ያሉ አያቶች፣ አክስቶችና የቀድሞ ጎረቤቶች በየቤቱ አሉ። ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ሕንጻ ቢፈርስ ፎቶግራፉ ይቀራል፤ ዳቦ ቤቱ፣ ቦኖው፣ የዕድሩ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ የት እንደነበረ ግን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ስለሆነም ለጉብኝቱ ከሚያዙት ነገሮች ሁሉ ከምሳ ዕቃውም በፊት የሚታሰበው ማንን ይዞ መሄድ እንደሚሻል ነው። የአሮጊቷን እግር ደግሞ እንደ ሕፃኑ እግር መቁጠር ያሻል፤ በየመቀመጫው ማሳረፍ፣ አለማጣደፍ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

በግል ድርጅት የሚሠሩ ብዙ እናቶች ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ሥራ ላይ ስለሚውሉ፣ ጉብኝቱን ከስምንት ሰዓት ተኩል በኋላ መጀመር የሚስማማ ይመስለናል። ከድልድዩ ተነሥቶ ዳገቱን በቀስታ መውጣት፣ ከዚያም ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልን መሳለምና ማየት ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።

ስምንት ማዕዘን ያለውን ይህንን የድንጋይ ሕንጻ ዳግማዊ ምኒልክ ያሠሩት ለዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድሉ የተገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን ልጆች ከትምህርት ቤት ሊያውቁት ይችላሉ። የማያውቁት ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት በዚህ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ነው። ሴት ልጅ ያላት እናት ይህን ሳትናገር ብታልፍ ያስቆጫል። ከዚያም በኋላ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነግሠዋል። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች በሕዝቡ ላይ ጭፍጨፋ ባካሄዱበት ወቅት እሳት ለኩሰውበት እንደነበረም አይዘነጋም። በውስጡ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ይገኛሉ፤ በቅጽሩም ውስጥ የነገሥታት አልባሳትና ንዋየ ቅድሳት የሚታዩበት ሙዚየም አለ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ነጠላ መያዝ፣ ጫማ ማውለቅ፣ ልጆችን ዝም ማሰኘት የታወቀ ነው። ልብ የማይባለው የቀኑ ምርጫ ነው። ወር በገባ በ23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ስለሆነ የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ለበዓሉ ከሆነ መልካም፣ ሕፃናት ይዞ ለማየት ከሆነ ግን ሌላ ቀን ይሻላል። የቤተ ክርስቲያኑ ልጆች ላልሆኑ ቤተሰቦችም ግቢውንና ሙዚየሙን ማየት ይቻላል፤ የሙዚየሙን ሰዓት ግን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከዚያ የምኒልክ ሐውልት ቅርብ ነው። ሐውልቱ ከንግሥናው በዓል ዋዜማ፣ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ተመረቀ። በወረራው ዘመን ጣልያኖች ከቦታው አንሥተው ሸሸጉት፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ንጉሠ ነገሥቱ የተቀመጡበት ፈረስ የፊት እግሮቹን አንሥቷል። ልጆች ይህንን ማየት ይወዳሉ፤ የእኔ ልጅ እንዴት አይወድቅም ብሎ ረጅም ጊዜ ዙሪያውን ሲመረምረው ነበር። በዚህ ላይ መሽቶ ከሆነ ቀኑን መዝጋት ይገባል። የደከመ ልጅ የሚያስታውሰው ድካሙን ነው።

እሑድ፣ በእቴጌ ጣይቱ ዱካ

ሁለተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አራት ወይም አምስት ሰዓት ላይ ቢጀመር ይመቻል። ለዚህ ቀን አንድ ሰው መርጠናል። እሳቸውም በ1879 ዓ.ም. ለከተማይቱ አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው።

የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ሰፊ ስለሆነ ሁሉን ለማየት መሞከር አይመከርም። ልጆች ጥያቄ ይዘው ቢገቡ ጥሩ ነው። ለምሳሌ በዓድዋ ዘመቻ ሴቶች ምን ሠሩ? ጋሪና የጭነት መኪና በሌለበት አገር ያን ሁሉ ሠራዊት ማን አበላው? እህሉን የፈጨው፣ ውሃውን የቀዳው፣ ቁስለኛውን ያነሣው ማን ነው? በጥር 1888 ዓ.ም. ጣልያኖች መቀሌ ላይ ምሽግ ይዘው በተቀመጡ ጊዜ የውሃ ምንጫቸው እንዲያዝ ያደረጉት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ ምሽጉም በጥም ተጨንቆ ተለቀቀ። ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ቤት ውስጥ ሲጠፋ ምን እንደሚያስከትል ከማንም ይልቅ የሚያውቅ የቤት እመቤት ነውና፣ ይህ ታሪክ ለእናቶች እንግዳ ሊሆን አይችልም።

ከዚያ ወደ ጣይቱ ሆቴል መሄድ ነው። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በእቴጌይቱ ፈቃድ ሥራ የጀመረው ይህ ቤት በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር ይመስል በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው እየመጡ እየበሉና እየከፈሉ ሰዉን እንዳለማመዱት ይተረካል። ሆቴሉ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት አደጋ ከፊሉ ተጎድቶ ነበር፤ ጃዝ አምባ የተባለው የሙዚቃ ክበብም ያን ጊዜ ተቃጠለ። ሆቴሉ ታድሶ ሥራውን ቀጥሏል። የእንጨት ወለሉና ደረጃው ሲረገጥ የሚሰጠው ድምፅ ለልጆች አንድ ጨዋታ ነው። ሻይና ቡና ለማዘዝ የሆቴሉ እንግዳ መሆን አያስፈልግም። የጉብኝቱ ወጪ ይፈቀድ ከተባለ የሚፈቀደው እዚህ ነው፤ አያቲቱ በወግ ተቀምጠው ቡናቸውን ይጠጡ፤ ልጆቹም ኬክ ቢጤ ይካፈሉ።

ጊዜ የተረፈው ቤተሰብ ሁለት ነገር ሊጨምር ይችላል። አንዱ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ቴአትር ነው፤ የዕለቱን ዝግጅትና የመግቢያውን ሰዓት አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው። ሌላው በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ የቆመው የማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ነው። አርቱሮ ሜዜዲሚ በተባለው ጣልያናዊ ባለሙያ ተነድፎ በ1950ዎቹ ዓመታት የተሠራ ሲሆን፣ ከፊቱ ቆሞ ቁልቁል ሲያዩት ጎዳናው እስከ ለገሐር ይዘልቃል። ሁለቱንም በአንድ ቀን መጨመር ግን ልጅ ማሰልቸት ነው።

ስለ ወጪና ስለ ስንቅ

ምሳ ከቤት ይዞ መውጣት አያሳፍርም። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ቆሎና በፔርሙዝ የተያዘ ሻይ ለአምስት ሰው ቀላል ስንቅ ነው፤ በጾም ወቅት እንቁላሉን በድንች መተካት ነው። ውሃ ለየሰዉ በኮዳ መያዝ ያሻል። ልጆች ከቤት ሳይወጡ ሽንት ቤት መግባታቸውን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ የሚገባበትንም ቦታ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል፤ ይህን የማያውቅ አባት ብዙ ነው።

መጓጓዣን በተመለከተ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የቃሊቲ መስመር መድረሻው ምኒልክ አደባባይ ነው። ከድልድዩ ለመነሣት የሚሹ ደግሞ አትክልት ተራ ፌርማታ ሊወርዱ ይችላሉ። ባቡር የማያገኛቸው በከተማ አውቶቡስ ወደ ፒያሳ መምጣት ነው። እሑድ ሰልፉ ከሥራ ቀን ይቀላል። ሰው በሚበዛበት ስፍራ፣ በተለይም ወደ መርካቶ በኩል፣ ቦርሳን ከፊት ማንጠልጠልና ስልክን ከልጅ እጅ መቀበል ጥንቃቄ ነው። የእያንዳንዱን ሕፃን ስምና የእናቱን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ በኪሱ መክተትም እንዲሁ።

የአዲስ አበባ ክረምት ሐምሌና ነሐሴን በዝናብ ስለሚይዝ ከመስቀል እስከ ግንቦት ያሉት ወራት ይመረጣሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ስለሚበረታ ለሕፃኑም ለአያቲቱም ጃንጥላ መያዝ አይከፋም።

በመጨረሻ የምንጨምረው አንድ የቤት ሥራ አለ። ልጆች ከጉብኝቱ ሲመለሱ የሄዱበትን መንገድ ከድልድዩ ጀምረው በወረቀት ላይ ይሣሉት፤ የቆመውን ሕንጻ በእስክርቢቶ፣ አያታቸው ያሳዩዋቸውንና ዛሬ የሌለውን ደግሞ በእርሳስ። የእኛ ቤት ወረቀት ከግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በድልድዩና በካቴድራሉ መካከል ያለው ስፍራ በእርሳስ ተሞልቷል፤ አማቴም ለጥየቃ በመጡ ቁጥር መነጽራቸውን አድርገው ያዩታል፤ ባለፈው እሑድ ቦኖው በስተቀኝ ሳይሆን በስተግራ ነበር ብለው አሳርመውታል።